ሲስተር፣ «አቅም የለኝም» ካላልኩ አልድንም ማለት ነው?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ መጠጥ ናቸው፣ ስለ ስኳርና ስለ ጉልበት ህመም የጻፋችሁልኝ አልረሳኋችሁም፣ ለሚቀጥለው እትም ይቆየኝ። እንደተለመደው ስም የለም፣ ሰው እንዳይለይበትም አንዳንድ ነገር ነካ ነካ አድርጌያለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ አምድሽን የምታነበው ባለቤቴ ነች፣ እኔ ከሷ ስልክ ላይ ነው የማየው። 43 ዓመቴ ነው፣ ሲያትል አካባቢ እኖራለሁ፣ ኡበር እሠራ ነበር። ነበር ያልኩሽ ጠጥቼ ስነዳ ተይዤ መንጃ ፈቃዴ ስለታገደ ነው፣ ሰው አልጫንኩም ነበር እግዚአብሔር ይመስገን። ፍርድ ቤቱ ህክምና ግባ አለኝ፣ ህክምና ቦታው ደሞ በሳምንት ሁለቴ ኤኤ የሚባል የጠጪዎች ስብሰባ እየሄድክ ወረቀት አስፈርመህ አምጣ አለኝ። አራት ወር ሄድኩ። እውነቱን ለመናገር ሰዎቹ ጥሩ ናቸው፣ ቡና ይቀዱልሻል፣ ማንም አይንቅሽም፣ ግን ነገሩ ሊዋጥልኝ አልቻለም። በመጠጥ ላይ ምንም አቅም የለኝም ብለሽ ማመን አለብሽ፣ ከዛ ራስሽን ከራስሽ ለሚበልጥ ኃይል ትሰጫለሽ። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ይሄ ኃይል ማነው ብዬ ብጠይቅ አንድ ሽማግሌ «አንተ እንደተረዳኸው ነው፣ ከፈለግክ ያ የበሩ እጀታም ሊሆን ይችላል» አለኝ። ሲስተር፣ ለበር እጀታ ልጸልይ? ስፖንሰር የተባለው፣ አዲስ ሰው የሚመራ ነባር አባል ደሞ የሠራኸውን ጥፋት ሁሉ ጽፈህ አንብብልኝ ይለኛል፣ የንስሐ አባት ያለኝ ሰውዬ ለማላውቀው ፈረንጅ? በዚህ ላይ ባለፈው ወር አንድ አበሻ ገባ፣ አየኝ አየሁት፣ የባለቤቴ እቁብ ውስጥ ያለ ሰው ነው። ከዛን ቀን ወዲህ አልሄድኩም። ስፖንሰሩ ደውሎ «መንገዱ አይሳሳትም፣ ካልሠራልህ አንተ ለራስህ እውነተኛ ስላልሆንክ ነው» አለኝ። አሁን ተመልሼ እየጠጣሁ ነው፣ በቀን ግማሽ ጠርሙስ ቮድካ ይሆናል፣ ባለቤቴ ሳታይ። ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ትንሽ ስቀምስ ይተወኛል። ለጀርባዬ ትራማዶል እወስዳለሁ። ሌላ መንገድ አለ ወይስ የማልረባው እኔ ነኝ?
— እጀታው፣ ከሲያትል

መልስ፦ ወንድሜ እጀታው (ስሙን ያወጣኸው አንተ ነህ፣ እኔ የለሁበትም)፣ ደብዳቤህ ረጅም ነው ግን ደጋግሜ ያነበብኳት አንዷን መስመር ነው፣ ጠዋት እጄ ይንቀጠቀጣል ትንሽ ስቀምስ ይተወኛል ያልካትን። ወደ በሩ እጀታ እንመለሳለን፣ መጀመሪያ ይሄ።

ባለ 750 ሚሊው ቮድካ በአሜሪካኖቹ መለኪያ 17 መጠጥ ነው፣ ግማሹ ስምንት ዘጠኝ ይሆናል፣ በየቀኑ። ሹፌር ስለሆንክ በመኪና ላስረዳህ። አልኮል ለአእምሮ ፍሬን ነው፣ የአንተ አእምሮ ደሞ ፍሬን ተይዞበት መሄድ ስለለመደ ቀን ከሌት ነዳጅ እየሰጠ ነው፣ ፍሬኑን ድንገት ስትለቅለት ምን እንደሚሆን ለአንተ አልነግርህም። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊመጣ ይችላል፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን አካባቢ ደሞ ላብ፣ ትኩሳት፣ መቃዠት፣ የሌለ ነገር ማየት። ይሄኛው ካልታከመ ይገድላል። በምሠራበት ክፍል አንድ ሰውዬ አልጋው ላይ ቁጭ ብሎ የሌለ ሲጋራ ሲያጨስ አይቻለሁ፣ ይስባል፣ አመዱን ባዶ ብርጭቆ ውስጥ ያራግፋል፣ እኔንም በትህትና «ላብራልሽ?» አለኝ። ትራማዶል ደሞ ብቻውን እንኳን የዚህን ዓይነት መንቀጥቀጥ የሚቀሰቅስ መድኃኒት ነው፣ ከመጠጥ ጋር ሲሆን አተነፋፈስም ያዳክማል። ስለዚ ይሄን ጽሑፍ አንብበህ «በቃ ከነገ ጀምሮ» ብለህ ብቻህን ቤት ዘግተህ እንዳታቆም፣ በናትህ። ሐኪም ጋ ሂድ፣ ቀጠሮ ከራቀ ኢመርጀንሲ ግባ፣ የምትጠጣውን መጠን ሳትቀንስ ተናገር፣ ትራማዶሉንም ንገራቸው። ጥቂት ቀን በሚቀናነስ ማረጋጊያ መድኃኒትና በቫይታሚን ቢ1 ነው የሚያሳልፉህ። አስተርጓሚ ከፈለግክ ሆስፒታሉ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ አበሻ ነው ወሬ ያወጣል ብለህ ከፈራህ በስልክ ይሁንልኝ በል፣ ልጅህን ግን አስተርጓሚ እንዳታደርግ።

እሺ አሁን ኤኤ። ለማታውቁት፣ ኤኤ ማለት ጠጪዎች ራሳቸው ለራሳቸው የሚሰበሰቡበት ማኅበር ነው፣ ሐኪም የለበትም፣ ክፍያ የለም፣ 12 ስቴፕ የሚሉት መንገድ አለው። ነርሲንግ ስማር አንድ ክፍት ሚቲንግ ሄዳችሁ ሪፖርት ጻፉ ተብለን ሄጄ አውቃለሁ። የቤተክርስቲያን ምድር ቤት፣ የሚታጠፍ ወንበር፣ ቀጭን ቡና። ሳይጠጡ ለቆዩበት ጊዜ እንደ ሳንቲም ያለ ነገር ይሸለማሉ፣ አንድ ሽበታም ሰውዬ የ30 ዓመት ወሰደ፣ ከዛ አንዲት ልጅ እጇ እየተንቀጠቀጠ የአንድ ቀን ወሰደች፣ ጭብጨባው ለሷ ነበር የበዛው። ይሄን የምነግርህ ነገሩን ሳላየው የምተች እንዳይመስልህ ነው።

ነገሩ ንስሐ ንስሐ ቢሸትህ ትክክል ነህ። በ1935 አክሮን ኦሃዮ ውስጥ የጀመሩት ቢል ዊልሰን የሚባል የአክስዮን ነጋዴና ቦብ ስሚዝ የሚባል ቀዶ ሐኪም ናቸው፣ ሁለቱም ኦክስፎርድ ግሩፕ ከሚባል የክርስቲያኖች እንቅስቃሴ ነው የመጡት፣ እዛ ኃጢአትን ለወንድም መናገር፣ የበደሉትን መካስ የተለመደ ነበር። በ1939 መጽሐፋቸውን ሲያወጡ እምነት የሌለውም እንዳይሸሽ ብለው «እንደተረዳነው አምላክ» አሉ። የበር እጀታው የመጣው ከዚህ ነው። ለማያምነው በር ይሁነው ብለው የከፈቱት ለአንተ ዓይነቱ አማኝ ግድግዳ ሆነ ማለት ነው፣ እኔ እንደሚመስለኝ ሽማግሌው ሊያሾፍብህ አይደለም፣ ሊያቀልልህ ነበር። አንድ ነገር ደሞ ስፖንሰርህ ያልነገረህ አለ፣ ጥፋትን ለሌላ ሰው የመናገሩን ስቴፕ ሃይማኖታቸው ኑዛዜ የሚያዛቸው ሰዎች ለሃይማኖት አባታቸው ቢያደርጉት ተገቢ ነው ብሎ ያ መጽሐፍ ራሱ ይፈቅዳል። የንስሐ አባትህ ጋ ብትሄድ ስቴፕ ዘለልክ የሚልህ የለም።

ኤኤ ይሠራል ወይ ለሚለው፣ በ2006 ኮክሬን የሚባሉት ጥናት መርማሪዎች የተሠሩትን ጥናቶች አይተው የሚያስተማምን ማስረጃ አላገኘንም ብለው ነበር፣ ተቺዎቹ እስካሁን የሚጠቅሱት እሱን ነው፣ እኔም ድሮ እሱን ይዤ ነበር የምከራከረው። በ2020 ግን 27 ጥናት፣ ከ10,000 በላይ ሰው ይዘው እንደገና ሲያዩት፣ ባለሙያ እየመራቸው ወደ ኤኤ የገቡት ሰዎች ከ100 ውስጥ 42ቱ ዓመቱን ሳይጠጡ ሲያልፉ በሌሎች ህክምናዎች 35ቱ ናቸው። ስለዚ አይሠራም የሚለው ወሬ ውሸት ነው። ግን ደሞ ልብ በል፣ ከ100 ሃምሳ ስምንቱስ? እነሱ ሁሉ ለራሳቸው የዋሹ ናቸው? ስፖንሰርህ ያለህ ነገር ከራሱ አይደለም፣ መጽሐፉ ውስጥ መንገዱን በትክክል የተከተለ ሰው እምብዛም አይወድቅም፣ የሚወድቁት ለራሳቸው እውነተኛ መሆን የማይችሉ ናቸው የሚል ሐሳብ አለ። እኔን ከኤኤ ሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አንድ አንቲባዮቲክ አልሠራ ሲል ሌላ እንቀይራለን እንጂ በሽተኛውን ዋሽተህ ነው አንለውም እኮ። የማልረባው እኔ ነኝ ወይ ያልከው ከዚህ አባባል የመጣ ነው፣ አይደለህም።

አቅም የለኝም የሚለው ነገር ላይ ሰው ይለያያል። አንዳንዱ ሲለው ትልቅ ሸክም ይወርድለታል፣ ከራሱ ጋር መታገል ያቆማል። አንዳንዱ ደሞ አንድ ብርጭቆ ከተሳሳተ «አቅም የለኝም ተብሏል በቃ» ብሎ ጠርሙሱን ይጨርሰዋል፣ ይሄንንም አይቻለሁ። በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ በ2001ና በ2002 በተሰበሰበ አገር አቀፍ መረጃ፣ ድሮ የመጠጥ ሱስ ከነበረባቸው ከ4,400 በላይ ሰዎች መሀል ህክምና ወይም ኤኤ የነካው ሩብ ያህሉ ብቻ ነበር፣ ሆኖም ከሲሶ በላዩ ሙሉ ለሙሉ አገግሟል፣ ግማሹ ጭራሽ በመተው ግማሹ ደሞ በልክ በመጠጣት። አሃ፣ እኔም በልክ ልጠጣ እንዳትለኝ! እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው በልክ ልሞክር አይልም። በልክ መጠጣትን የሚያስተምር ሞደሬሽን ማኔጅመንት የሚባል ቡድን በ1994 ያቋቋመችው ኦድሪ ኪሽላይን በ2000 መጀመሪያ ላይ እኔስ አልቻልኩም ጨርሼ ላቁም ብላ ወደ ኤኤ ሄደች፣ ከሁለት ወር በኋላ እዛው እናንተ ስቴት ውስጥ ሰክራ ስትነዳ አባትና የ12 ዓመት ልጁን ገደለች። የኤኤ ሰዎች «ይኸው በልክ የሚባል ነገር» ይላሉ፣ እነዚያ ደሞ «ያን ጊዜ የናንተ አባል ነበረች» ይላሉ። እኔ ወደ ክርክሩ አልገባም፣ አንተ ግን መንጃ ፈቃድህ ቢመለስም የመኪናው ቁልፍ ለጊዜው ባለቤትህ ጋ ይሁን።

የፍርድ ቤቱ ነገር። ዝም ብለህ መቅረትህ ነው የተሳሳትከው፣ አልታዘዘም ተብሎ ነው የሚጻፍብህ። መብት ግን አለህ። በ2007 የዘጠነኛው ወረዳ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የሲያትልም የበላይ የሆነው ማለት ነው፣ ሃዋይ ውስጥ አንድ ቡድሂስት በአመክሮ ተለቆ ሳለ ኤኤ ዓይነት ፕሮግራም ግባ ተብሎ የተገደደበትን ጉዳይ አይቶ፣ መንግሥት ሰውን ሃይማኖት ያለበት ፕሮግራም ውስጥ አስገድዶ ማስገባት አይችልም ብሏል። ኒውዮርክ ያለው ይግባኝ ሰሚም ከሱ በፊት እንደዛው ወስኗል። ስለዚ ሎየርህን መጀመሪያ አግኝ፣ እንደገና መጠጣትህንም ለሱ ንገረው፣ ህክምና ቦታው ለፍርድ ቤት ሪፖርት ያደርግ ይሆናል፣ እሱ አስቀድሞ ቢያውቀው ይሻልሃል፣ ከዛ ሃይማኖት የሌለበት ሌላ ግሩፕ ይፈቀድልኝ ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ።

ሌላ ግሩፕ የምልህ መጀመሪያ ስማርት ሪከቨሪን ነው፣ ከ1994 ጀምሮ ያለ። አልኮሊክ ነኝ በል አይልህም፣ ስፖንሰር የለም፣ የሠለጠነ ሰው ይመራዋል፣ ሐሳብህን እየመረመርክ ልማድህን በምትቀይርበት የሥነ ልቦና ዘዴ ነው የሚሠራው። ኦንላይን አለ፣ ካሜራህን ዘግተህ ትገባለህ፣ የእቁቡ ሰውዬ አያይህም። (ሰውየው ግን እኮ እሱም ሊያስፈርም ይሆናል የመጣው፣ አስበኸዋል?) አንድ ልምምዳቸውን ልንገርህ፣ አንድ ወረቀት አራት ቦታ ትከፍላለህ፣ መጠጣቴ ምን ይጠቅመኛል፣ ምን ይጎዳኛል፣ ማቆሜ ምን ይጠቅመኛል፣ ምን ይጎዳኛል። ሰው የመጀመሪያዋ ሳጥን ላይ ያፍራል፣ ባዶ ይተዋታል፣ እሷ ናት ዋናዋ። አንድ ታካሚዬ ብዙ ቆይቶ «ማታ ስልክ ከአገር ቤት ሲደወል አያስደነግጠኝም» ብሎ ጻፈ። በቃ ከዛ በኋላ የምናወራው ስለ ቮድካ መሆኑ ቀረ፣ ስለ ስልኩ ሆነ፣ በየወሩ ስለሚጠየቀው ብር፣ ስለታመመችው እናቱ።

ለሴቶች አንባቢዎቼ በዚሁ ልንገራችሁ፣ ከ1975 ጀምሮ ዊመን ፎር ሶብራይቲ የሚባል የሴቶች ብቻ አለ። ኤኤ ውስጥ አዲስ የመጣችን ሴት የሚያባብሉ አሮጌ አባላት ስለሚያጋጥሙ እነሱ ራሳቸው «13ኛው ስቴፕ» ብለው ይቀልዱበታል፣ የሚያስቅ ነገር ባይሆንም። ኤኤ ውስጥም የሴት ሚቲንግ አለ፣ እሱን ምረጡ።

መድኃኒትን በተመለከተ፣ ብዙ ሰው የሚሰጠው ናልትሬክሶን ነው፣ በቀን አንድ ኪኒን ወይም በወር አንድ መርፌ፣ የመጠጡን ደስታ ይቀንሳል። ለአንተ ግን ትራማዶል እየወሰድክ አይሆንም፣ ይጋጫሉ፣ ክፉኛ ያሳምምሃል። ስለዚ ሐኪምህን ስለ አካምፕሮሴት ጠይቀው፣ ሁለት ሁለት ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ ነው፣ ኩላሊትህን መርምረው ነው የሚጀምሩልህ። ተአምር አትጠብቅ፣ በ2014 የወጣ ትልቅ ትንተና እንደሚለው 12 ሰው ሲወስደው ባይወስደው ኖሮ ወደ መጠጥ የሚመለስ አንድ ሰው ይተርፋል። ለደም ግፊት ከምንሰጣቸው መድኃኒቶች ስንቱ ከዚህ ይብሳል መሰለህ፣ ትንሽ ቁጥር አይደለም። መድኃኒት ከወሰድክ መጠጥ አቁመሃል አይባልም የሚልህ የኤኤ አባል ሊያጋጥምህ ይችላል፣ ማኅበሩ ራሱ አባሎቹን ሐኪም እንዳትሆኑ ነው የሚላቸው፣ እሱን ንገረው።

ጥያቄ፦ ሲስተርዬ እንደምን አለሽ፣ ከቨርጂኒያ ነው። ባለቤቴ ጠጪ ነው፣ አይመታኝም አይሰድበኝም ግን ቤቱ የለም ማለት ይቻላል። አል-አኖን የሚባል የቤተሰብ ስብሰባ ሄጄ እሱን መቀየር አትችዪም በፍቅር ልቀቂው አሉኝ። ጓደኛዬ ደሞ ጠጪን የሚያስመልስ ኪኒን አለ፣ ጁሱ ውስጥ ፈጭተሽ ጨምሪለት፣ ሳያውቅ ይተዋል ትለኛለች። ላድርገው?

መልስ፦ እንዳታደርጊው! ጓደኛሽ የምትልሽ ዳይሰልፊራም ነው። ጉበት አልኮልን አፍርሶ የሚያስወግድበትን መንገድ መሀል ላይ ይዘጋዋል፣ መርዙ ደም ውስጥ ይጠራቀማል፣ ሰውየው ይቀላል ያስመልሳል ልቡ ይመታል፣ ልቡ ደካማ ከሆነ ሊሞት ይችላል። የመድኃኒቱ መመሪያ ላይ ራሱ ለሰከረ ሰውና ሙሉ በሙሉ ላላወቀ ሰው በጭራሽ አይሰጥ ተብሎ ተጽፏል። አቁሞ እንኳን እስከ ሁለት ሳምንት ሰውነት ውስጥ ይቆያል። ፈልጎ፣ አውቆ፣ አንቺ ፊት ጠዋት ጠዋት ቢወስደው ግን ለአንዳንዱ ጥሩ መድኃኒት ነው።

ልቀቂው ያሉሽም ነገር ለአንቺ ዕረፍት ይሰጥሽ ይሆናል፣ እሱን ወደ ህክምና በማምጣት ግን ደካማ ነው። ክራፍት የሚባል የቤተሰብ ሥልጠና አለ፣ ሳይጠጣ የመጣበትን ማታ ማሞቅ፣ ጠጥቶ ሲመጣ ሳይጨቃጨቁ ገለል ማለት፣ ያጠፋውን አለመሸፈን፣ «ህክምና እንሂድ» የሚለውን በትክክለኛዋ ሰዓት ማንሳት፣ እንደዚ እንደዚ ነው። በ1999 በወጣ ጥናት 130 የጠጪ ቤተሰቦችን ከፋፍለው ሲያዩ በክራፍት ከሄዱት 64 በመቶው ሰውያቸውን ህክምና አስገብተዋል፣ በአል-አኖን መንገድ ከሄዱት 13 በመቶው። ይሄን የሚያውቅ ቴራፒስት ፈልጊ፣ ስልክ ስትደውዪ «ክራፍት ትሠራላችሁ?» ብለሽ ነው የምትጠይቂው። እና አሠሪው ጋ ደውለሽ አሞታል ማለቱን ዛሬውኑ ተዪ፣ አልጻፍሽልኝም ግን እንደምትደውዪለት አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ ሲስተር ጤና ይስጥልኝ፣ ከአዲስ አበባ ነው የምጽፍልዎ። ወንድሜ አረቄ ነው የሚጠጣው፣ ከጠዋት ነው የሚጀምረው። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ጸበል ልንወስደው ነው፣ እዛ ሆኖ ያቆማል ብለን። ባለፈው የጎረቤት ልጅ እንደዛ ወስደውት በሁለተኛው ቀን እየጮኸ ወደቀ፣ ሰው ሁሉ ሰይጣኑ ነው አለ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጸበሉን ተዉ የሚል አፍ የለኝም፣ እኔም ተጠምቄ ነው ያደግኩት። ግን ከላይ ለሲያትሉ ወንድሜ የጻፍኩትን አንብቢው፣ በሁለተኛው ቀን መጮህ፣ መውደቅ፣ የሌለ ሰው ማናገር ያልኩትን። የጎረቤታችሁን ልጅ አላየሁትምና ምን እንደነበር መናገር አልችልም፣ ሆኖም በየቀኑ አረቄ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ተከልክሎ፣ በባዶ ሆዱ በብርድ ውሃ ሲጠመቅ አካሉ ራሱ እንደዛ ሊያደርግ ይችላል። ሰይጣን ነው ብላችሁ ይዛችሁ ስትጸልዩ ሰዓቱ ያልፍባችኋል፣ መስቀል የያዙት አባትም ቢሆኑ ይሄ መርፌ የሚፈልግ ነው ቢሏችሁ ደስ ይለኛል፣ አንዳንዶቹ ይላሉም።

ቅደም ተከተሉን ብቻ ቀይሩት። መጀመሪያ ሆስፒታል፣ አማኑኤልም ይሁን የአእምሮ ህክምና ያለበት ሌላ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት በመድኃኒት ይለፍ፣ ቫይታሚን ቢ1 ይሰጠው፣ ይብላ ይተኛ፣ ከዛ ጸበሉ ጋ ውሰዱትና አንድ ወር ይቀመጥ፣ ከጓደኞቹና ከአረቄ ቤቱ መራቁ ብቻውን ትልቅ ነገር ነው። ሐኪሙ የሚያዝለት ኪኒን ካለም እዛው ሆኖ ይውሰድ፣ ጸበል ላይ መድኃኒት አይወሰድም የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አባቶችን ጠይቁ እንጂ በወሬ አታስቁሙት። እስከዛ ድረስ ግን፣ አውቃለሁ ይከብዳል፣ አረቄውን ቀምታችሁ አትደፉበት፣ ሆስፒታል እስኪገባ ድረስ። ስትሄዱ መጨረሻ የጠጣበትን ሰዓትና በቀን ስንት መለኪያ እንደሆነ በወረቀት ጽፈሽ ያዢ፣ ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቅሽ እሱን ነው።